የተገለበጠ ጥርስ

የናቴን አልጋ ነው ቴላዮ ያረግነው፣
ሞቷ ዓመት ሳይሞላው በመጋዝ ገዝግዘነው።
የበየደው ኤውዴሊዮ ነው፣ ጥርሱን የነቀለ
በስኳር ፋብሪካ፤ ዛሬ ስኳርም የለ፤
ናፍጣ ከጠፋ ወዲህ ሸንኮራው በቁሙ ደርቋል፣
አውቶቡስም በሆልጊን ከታየ ሰንብቷል።
እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ፣
አምስት ኪሎ ሜትር ጨለማ የእግር መንገደኛ።
ኦዳሊስ ከበረንዳዋ፣ «ወይ ዘመን! አልጋ ይጋለባል፤
ትራሱንም አትርሺው፣ ለኮርቻ ይሆናል።»

ዕቃው ሁሉ ውራጅ ነው፤ ዘሩ የተደባለቀ፣
አንዱ ከአንዱ ጋራ በዕድሜው ያልተዋወቀ።
ፔዳልና ትልቁ ጥርስ ከሩሲያ ብስክሌት፣
ባለቤቷ ዘሎ ሲድን እሷን ባቡር የበላት።
የኋላዋ ትንሿ ጥርስ የቻይና ናት፣
ከፀጉር አስተካካዩ በሁለት ሳሙና የለወጥኳት።
ካቴናው የሁለት ሙታን፦ አንዱ ዝጎ፣ አንዱ ተበጥሶ፤
ኤውዴሊዮ በአሳማ ስብ ሦስት ቀን ሙሉ አልሶ
አጋባቸው በሚስማር፣ ያለ ሽማግሌ ምስክር፤
መቶ አራት ቀለበት ሆነ፣ ጣቴ እስኪጠቁር ስቆጥር።

መብራት የለም። የሻማ ጭላንጭል። ገመድ ወጥሮ አየ፤
የፊቱ ጥርስ ከኋላው ጥፍር ያህል ተለያየ።
ሮንዴላ አይገኝም፤ ከሳርዲን ቆርቆሮ
ስድስት ክብ አወጣ፣ በመቀስ ከርክሮ።
አንድ በአንድ ደረደረ። ሽብልቁን በመዶሻ መታ።
ጥርሱ ዞረ፣ ካቴናው ዞረ፣ ሳቅን በደስታ።

የመቃብሩ ዳገት ላይ ነው ጉዱ የመጣው።
ቆሜ ስረግጥ ካቴናው ዘሎ ጥርሱን ሳተው፤
ጉልበቴ ከመሪው፣ አገጬ ከአስፋልቱ፣
ነጭ ጋውኔ በስብ ተለወሰ እስከ አንገቱ።
እየገፋሁ መለስኳት። በሩን በእርግጫ መታሁ።
«እንካ፣ አልጋህን ውሰድ!» አልኩት። የኔ አልጋ መሆኑን ረሳሁ።

እሱ ግን አልመለሰም። ሻማ አስጠጋ፣ ጎነበሰ፣
በአውራ ጣቱ ጥርሷን አንድ በአንድ ዳሰሰ።
«እያት» አለ፣ «የሻርክ ክንፍ መስላለች ተበልታ፣
ሠላሳ ዓመት በአንድ ወገን ብቻ ተጎትታ።
ከራሷ ካቴና ጋር አብራ አርጅታለች፤
ለዚህ ባዕድ ግን ጥርስ ነክሳበታለች፣
ጥርስ ነክሳበት እንኳ እሱን አትነክሰውም» —
ብሎ ሻማውን አጠፋ። ደህና እደሪም አላለኝም።

ሲነጋ በሬ ተንኳኳ። ሦስቱን ቡሎን ፈትቶ
ገልብጧታል፣ የውስጥ ፊቷን ወደ ውጭ አውጥቶ።
«የተበላው ሆዷ ነው፣ ጀርባዋ ገና ልጅ ነው፤
በዚህ በኩል እስከ ዛሬ ሸክም የሚባል አልጎበኘው።»
የሩሲያ ጽሑፏ አሁን ወደ ቱቦው ዞሯል፣
ማንም አያየውም፤ ድሮስ ማን አንብቦታል።

ዳገቱን ወጣሁት። ቆሜ።
አንዴም አልዘለለ።
ግን ያ በሚስማር የተጋባው ቀለበት አመል አለው፤
በጥርሷ ባለፈ ቁጥር «ቀጭ» ይላል፣ ስብ ቢጠጣም።
ከቤቴ እስከ ሆስፒታል
አራት መቶ አስር ቀጭ።
ጨለማ ውስጥ ሌላ ምን የሚቆጠር አለ?

ትናንት አራት መቶ አርባ ሆነ።
መንገዱ አልረዘመም፤ እኔ ነኝ ያስረዘምኩት።
ኤውዴሊዮ ሳንባውን ታሞ ልጁ ቤት ተኝቷል፤
ሐኪም አይጠጋኝ ብሏል፣ ነርስም።
በመስኮቱ ሥር፣ በጓሮ በኩል ዞሬ አለፍኩ፣
ቀስ ብዬ፣ ቀጭ፣
ቀጭ።
በመፍቻ የመስኮቱን ብረት ሁለት ጊዜ መታ፤
ከዚያ ሳል፣ ከዚያም በጉርምርምታ፦
«ስብ ጨምሪበት፣ አንቺ ሴት!»